ሙሽራዋን ማስረጀት

ሚኒባሱ ከደሴ ወጥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምር ሰርካዲስ የሙናን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ከቀኝ ጆሮዋ ሥር የተለጠፈው ሶፍት የጥፍር ጫፍ ታህል ተነስቷል። በአውራ ጣቷ ተጭና እስከ አሥር ቆጠረችና ለቀቀችው። ያዘላት።

«እንዳትናገሪ» አለቻት በሹክሹክታ። «እንዳትስቂ፣ እንዳታለቅሽ። አፍሽን ሳትከፍች በአፍንጫሽ ተንፍሽ።»

ሙና በዓይኗ ብቻ እሽ አለች። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ዛሬ ግን ላያት ሁሉ ሰባውን የተሻገሩ፣ ጉልበት የከዳቸው፣ አገራቸው ገብተው ለመሞት የሚጣደፉ አሮጊት ሆናለች። ሹፌሩ ጀማሉዲን በየኬላው በሚያሳየው ወረቀት ላይም «እማማ ዘይቱና፣ ታማሚ» ተብላ ተጽፋለች፤ ከሥሯ «ሰርካዲስ፣ አስታማሚ» ይላል። ወረቀቱ የሰባት ተሳፋሪ ነው፤ ከሁለቱ ሌላ አንዲት አራስ ከነእናቷ፣ ዓይናቸውን የታመሙ አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች አሉበት። ከደሴ መውጫ የተጻፈው ቁጥር ከኮምቦልቻ መግቢያ ቆጠራ ጋር ካልገጠመ መኪናውም ሰዎቹም እዚያው ይቀራሉ። ትናንት አንድ መኪና እንዲያ ሆኖ ቀርቷል።

ሰርካዲስ ደሴ ሆጤ ላይ የሙሽራ ሳሎን ከከፈተች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእጇ ያላማረች ሙሽራ ወጥታ አታውቅም ይሏታል፤ እሷም «ኧረ እናንተ ሰዎች!» ትላለች እንጂ አትክድም። እስላሟም ክርስቲያኗም ደጇን ሳትረግጥ አትዳርም። ዛሬ ግን የተማረችውን ሁሉ ገልብጣ ሠራችው። የሚሸሸገውን አጋለጠች፣ የሚጋለጠውን ሸሸገች፣ ከዓይን ሥር የሚፈካውን አጠቆረች። የእንቁላል ነጭ ቆዳው ላይ እያደረቀች ጨማደደችው፣ ሶፍት በሽፋሽፍት ሙጫ እየለጠፈች ጉንጯን አንጠለጠለችው። ሲያልቅ ወደ ኋላ ብላ አየችውና ለአንድ አፍታ ደስ አላት። ወዲያው በደስታዋ አፈረች።

ነገሩ የጀመረው ቧንቧ ሰልፍ ላይ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ደሴ በታጣቂዎች የተያዘችው ቅዳሜ ቀን ነበር፤ የሙና ሠርግ በማግስቱ እሑድ። ኒካሑ ታስሯል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሙሽራው ጀሚልም ከኮምቦልቻ ማዶ፣ ከሐርቡ በላይ ካለው አገሩ ሚዜዎቹን ይዞ ሊመጣ ሰዓት ይቆጥራል። መንገዱ ተዘጋ። መብራትና ስልክ ጠፋ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሙናም ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ሐዋ ጓዳ ውስጥ ተደበቀች። በስድስተኛው ቀን ውሃ አለቀ። የአሮጊቷ ጉልበት ጀሪካን አይችልምና ልጅቷ ፊቷን ተሸፋፍና ወጣች። እጇን ማን ያስባል?

እጇ ሂና የሞቀ የሙሽራ እጅ ነው፤ ከጣቷ ጫፍ እስከ ክርኗ አበባና ቅጠል ብቻ። ጀሪካኑን ስታነሳ አንድ የጋንታ መሪ አየው። በማግስቱ ሠፈሩን ጠያይቆ እትዬ ሐዋ በር ላይ ቆመ፤ እናቱን የሚያክሉትን ሴት «አንቺ» እያለ፣ «ምግብ የምትሠራ ሴት ቸግሮናል፤ ሙሽራይቱን አዘጋጂልኝ፣ ነገ ማታ እወስዳታለሁ» አላቸው። የፈለገው ወጥ ሠሪ እንዳልሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ከላይኛው ሠፈር እንዲሁ ተብላ የሄደች ልጅ እስካሁን አልተመለሰችም። ለየኬላውም «እጇ ላይ ሂና ያለባት ሙሽራ እንዳታልፍ» የሚል ትእዛዝ ተላልፏል ተባለ።

እትዬ ሐዋ ልጅቷን ይዘው በጓሮ በር ሰርካዲስ ዘንድ ገቡ። ሰርካዲስ መጀመሪያ ያነሳችው በረኪና ነበር። ከዚያ ሎሚ፣ ከዚያ ኦሞ። የልጅቷ እጅ እስኪደማ ፈተገችው። አበባው ንቅንቅ አላለም። እንዴትስ ይበል! የሠራችው ራሷ ናት፤ እንዲጠቁር የፀጉር ቀለም ጨምራበት፣ «በእኔ እጅ የተሞቀ ሂና አርባ ቀን አይለቅም» ብላ ሚዜዎቹ ፊት ፎክራ። ፉከራዋ እውነት ሆኖ ስታገኘው እንባዋ መጣ።

«ተይ አንች! የልጅቱን ቆዳ ልትገፊው ነው?» አሉ እትዬ ሐዋ። «የማይለቅን ነገር ይጨምሩበታል እንጅ ይቀንሱለታል? የእኔን እጅ አላየሽም?»

እጃቸውን ዘረጉላት። መዳፋቸው፣ ጣታቸው፣ ጥፍራቸው ያለ አንድ አበባ ድፍን ብሎ ቀልቷል። ለቁርጥማቱም ለወጉም ብለው በየወሩ ይሞቁታል፤ የሠፈሩ እስላም አሮጊቶችም እንደዚያው። ሰርካዲስ ይህን እጅ ሺህ ጊዜ አይታው አንድም ቀን ውበት ነው ብላ ቆጥራው አታውቅም። አሮጊቷ ሂናውን ራሳቸው በጠበጡ፤ የሙናን እጅ እስከ አንጓዋ ለቅልቀው በፌስታል አሰሩት። ከአንጓ በላይ ያለውን እጅጌ ይሸፍነዋል። አምስት ሰዓት ሙሉ ልጅቷ ሁለት እጇን ታስራ፣ ውሃ በማንኪያ እየተጎነጨች፣ በመንገዱ የሚያልፈውን የኮቴ ድምፅ ሁሉ እየቆጠረች ተቀመጠች።

በዚያ አምስት ሰዓት ሰርካዲስ ስለ እናቷ አወራቻት። እናቷ በደርግ ጊዜ ሰኞ ገበያ ኩልና ሽቶ ትቸረችር ነበር። አንድ ቀን ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ የቀበሌ ስብሰባ ብትገባ ካድሬው ሕዝብ ፊት አቁሞ «የአድኃሪ ጌጥ ነው» ብሎ በጨርቅ አስጠረጋት። ጠርጋ ተቀመጠች። በሚቀጥለው ስብሰባ ተቀብታው መጣች። «ሴት ፊቷን ስትነካ ያልተቆጣ መንግሥት አላየሁም» ትል ነበር። «ቄሱ ይቆጣል፣ ሼሁ ይቆጣል፣ ባል ይቆጣል። ልጃቸውን ሲድሩ ግን ሁሉም እኔው ዘንድ ይመጣሉ።»

ሙና ሳቀች። በእነዚያ ስምንት ቀናት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው። ፌስታሉ ሲፈታ አበባው በድፍኑ ቀለም ውስጥ ሰምጦ ጠፍቷል። እትዬ ሐዋ የልጅቷን እጅ ከእጃቸው ጋር አስተያይተው «አልሐምዱሊላህ፣ አረጀሽልኝ» አሉና ዞር ብለው አለቀሱ። እሳቸው አይሄዱም፤ ማታ ሰውየው ሲመጣ በሩን የሚከፍትለት ሰው ያስፈልጋል።

ሚኒባሱ ሐረጎ መሃል ላይ ቆመ።

ከፊታቸው ዘጠኝ መኪና ተሰልፏል። «ወላሂ ይኸ ትናንት አልነበረም» አለ ጀማሉዲን መሪውን ይዞ። «አዲስ ኬላ ነው ያቆሙት።» አንድ ታጣቂ ክላሹን አንግቶ በመኪናዎቹ ጎን እያለፈ መስኮት እንዳይከፈት፣ ሰው እንዳይወርድ አዘዘ። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሁለት መኪና ብቻ ነው ወደፊት የሄደው።

የደሴ ሜካፕ ሠሪ ሁሉ የምታውቀው ነገር አለ፤ የደሴ ፊት ኮምቦልቻ አይደርስም። በብርዱ የተለጠፈ ሁሉ ከሐረጎ በታች ይቀልጣል። ለዚህም ነው ሰርካዲስ ወደ ቆላው ለሚዳሩ ሙሽሮች ሌላ ሙጫ፣ ሌላ ቅባት፣ ሌላ ፓውደር ታስቀምጥ የነበረው። ከተማዋ በተያዘች ዕለት ሳሎኗ ሲዘረፍ ያም አብሮ ሄደ። በጧት ብርድ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ እንደርሳለን ብላ ነበር የተነሳችው። አሁን ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቷል፤ የሚኒባሱ ቆርቆሮ እንደ ምድጃ ይግላል፤ የሕፃኑ ለቅሶ፣ የሽማግሌዎቹ ሳል፣ የላቡ ሽታ አንድ ላይ ተጠምቋል። ሰርካዲስ ዓይኗን ከሙና ፊት አልነቀለችም። በግንባሯ ዳር አንድ የላብ ጠብታ ወጣ፤ ቁልቁል ወረደ፤ ያረጀውን ቆዳ መሃል ለመሃል ሰነጠቀው። ልትጠርገው አትችልም። መጥረግ ማለት መግፈፍ ነው። በሶፍት ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች አደረቀችው። ሌላ ጠብታ ወጣ።

«ማርያምን» አለች በልቧ፣ «ይችን ልጅ ለባሏ አስረክቤ የምታደርጊኝን አድርጊኝ።»

ተራቸው ሲደርስ ወንዶቹ መንገድ ዳር ተሰለፉ፤ ሴቶቹ ወደ አንዲት የቆርቆሮ ሻይ ቤት እንዲገቡ ታዘዙ። ባለቤቶቿ ጥለዋት ሸሽተዋል። በበሯ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ እንደ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ውስጥ ሴት ፈታሽ አለች፣ ወንድ አይገባም። አራሷና እናቷ ገብተው ወዲያው ወጡ። ሰርካዲስ «እማማ ዘይቱና»ን ደግፋ ገባች።

ፈታሿ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት አይሞላትም። የወንድ ሸሚዝና ኮንጎ ጫማ አድርጋለች፣ ፀጉሯ ከማበጠሪያ ከተለያየ ሰንብቷል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ክላሿን ግድግዳው ላይ አስደግፋለች። የሰርካዲስን ቦርሳ ከፈተች፤ የቀለም ሣጥኑን አየች፤ ምንም ሳትል ዘጋችው። ከዚያ ለአሮጊቷ ዱካ አቀረበችና አጎነበሰች።

«ይቀመጡ፣ እማማ።»

ሙና እንደ አሮጊት ወገቧን ይዛ ተቀመጠች። ልጅቷ እጇን አየች፤ ገልብጣ መዳፏን አየች፤ ተወችው። ሰርካዲስ ትንፋሿ መለስ አለላት። ልጅቷ ቀና ስትል ግን ዓይኗ የሙና ፊት ላይ ቀረ።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ቅንድብዎን ማን ቀነደበልዎት?»

ሰርካዲስ ቀና ብላ የሙናን ፊት አየች። ቅንድቡ! ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ በክር የቀነደበችው ራሷ ናት። ዛሬ ጧት ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንን ፊት ስትሠራ ቅንድቡን ሃምሳ ጊዜ አይታዋለች፣ አንድም ጊዜ ግን አልታያትም። ለእሷ ዓይን የተቀነደበ ቅንድብ ጌጥ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ቅንድብ ማለት እሱ ነው።

ልጅቷ ጣቷን ወደ ሙና ጆሮ ሰደደች፤ የተነሳውን ሶፍት ይዛ ሳበችው። እርጅናው ተገፍፎ እጇ ላይ ቀረ። ከሥሩ የወጣው ለስላሳ የልጅ ጉንጭ ነው። ሙና ዓይኗን ጨፈነች።

«በይ ጥሪያቸው!» አለች ሰርካዲስ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች እንጂ ንዴቷን አልቻለችም። «ጥሪያቸውና ውሰዷት! ሳሎኔን ዘረፋችሁ፣ መስታወቶቼን ሰበራችሁ። ሦስት መስታወት! መስታወት ምን አደረጋችሁ?»

ልጅቷ የተገፈፈውን ሶፍት እያየች ቆየች።

«እኛ ራሳችንን ካየን ብዙ ጊዜያችን ነው» አለች በተሰባበረ አማርኛ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እሷን ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ሦስት።»

«ለእኔ ስንት ይበቃሻል?»

ሰርካዲስ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ልጅቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ አየችና ጎንበስ ብላ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ስሟ ብርክቲ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ከየቤቱ አንድ ሰው ሲባል እሷና ወንድሟ ወጡ። ወንድሟን ከዚህ በላይ ካለው ጋራ ላይ ከቀበረችው ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ኮምቦልቻ የእናቷ እህት አለች፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ነው ቤቷ። ከዚህ እስከዚያ ይኸን ጨምሮ ሁለት ኬላ አለ፤ ሁለቱም ላይ መልኳን የሚያውቁ አሉ። ከሸሸች የሚያደርጓትንም ታውቃለች።

«እንቢ ካልሽኝ» አለች፣ እንደ ማስፈራራት ቃጣትና ተወችው። «እንቢ ካልሽኝም አልጠራቸውም። ግን እንቢ አትበይኝ፣ አደይ።»

አደይ ማለት እናቴ ማለት እንደሆነ ሰርካዲስ ታውቃለች። ልትጠላት ፈለገች፤ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉ ስትጠላ ከርማ ነበር። ዓይኗ ግን የለመደውን ያያል። የከንፈሯ ስንጥቅ ቫዝሊን ይፈልጋል። ጉንጯ በፀሐይ ተቃጥሎ ተልጧል። ከግንባሯ ሥር የአጥንቷ አቀማመጥ የሚያምር ነው፣ ለኩል የተፈጠረ። ፊትን ከቅርብ ሆኖ መጥላት ይቸግራል፤ ሙያዋ ያበላሻት እዚህ ላይ ነው።

«መኪናው ሰባት ሰው ነው» አለች። «ታች ስምንት ከተቆጠረ ሁላችንም አለቅን።»

ከውጭ ሞተር ይሰማል።

«እኔ ልቅር» አለች ሙና። ከጧት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸ ነው። «ወላሂ እኔ ልቅር፣ እትዬ ሰርኬ። ሌላ ሰው በእኔ ምክንያት…»

«ዝም በይ፣ ጉንጭሽ ይለቃል።»

ሰርካዲስ እንዲህ ብላ ስትቆጣ መልሱን አግኝታው ነበር። ሙና ከቀረች የተለፋው ሁሉ ለሰውየው ነው። ብርክቲን ትታ ብትሄድ ማን ከለከላት? ልጅቷ አልጠራም ብላለች። ግን እሷ ራሷ ያን ፊት ትታ ወጥታ ነገ የማንን ፊት ታሳምራለች? ሣጥኑን ከፈተችው።

ብርክቲ ከበሩ ሆና «አሮጊቷ ታማለች፣ ጠብቁ!» ብላ ጮኸችና ተመልሳ ዱካው ላይ ተቀመጠች። ሰርካዲስ ነጠላዋን አወለቀች። ከሣጥኑ ክዳን ላይ ያለችውን ትንሽ መስታወት በጉልበቷ መሃል አቁማ የገዛ ፊቷን አየች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ፊት ስትሠራ የራሷን እንዲህ አትኩራ አይታው አታውቅም። ማድያቷን አየች፤ መጀመሪያ የልጅቷ ጉንጭ ላይ እሱን አሳረፈችው። ከአፍንጫዋ እስከ አፏ ጥግ የወረደውን መስመር አየች፤ እሱንም ሰጠቻት። ከዓይኗ ሥር ያለውን እብጠት፣ ባሏ የሞተ ዓመት የጀመረውን የግንባር ሽብሽብ፣ በጆሮ ግንዷ ላይ ያለውን ሽበት በፓውደር። ስታስተላልፍ ቆይታ «ይኸ ሁሉ መቼ መጣብኝ?» ብላ ደነገጠች። አርባ ሦስት ዓመቷን እንደ ጓዝ አውርዳ የልጅቷ ፊት ላይ ጫነችው።

ለሙና ቅንድብ ከምድጃው ጥላሸት ወስዳ አጎፈረችው፤ ጉፍታዋን እስከ ዓይኗ አወረደችላት፤ ጉንጯን በቀረችው ሙጫ መለሰችው። ለብርክቲ የውስጥ ቀሚሷን አልብሳ ነጠላዋን አጣፋችላት፣ ጫማዋን ከእግሯ አውልቃ አቀያየረቻት፣ መታወቂያዋን መዳፏ ላይ አስቀመጠች።

«ስምሽ ሰርካዲስ ነው። አስታማሚ ነሽ፣ አትናገሪ፤ እኔ ዛሬ መኪና ውስጥ ከሷ በቀር ለማንም አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ይችን ልጅ ሐርቡ አድርሰሽ ጀሚል ለሚባል ባሏ በእጅሽ ሳታስረክቢ ከጎኗ እንዳትለይ። ማይልኝ።»

«በምን ልማል?»

«በእናትሽ።»

«አደይ ትሙት።»

ሙና ተነስታ ልታቅፋት መጣች። ሰርካዲስ በክንዷ ገፋቻት። «ፊቴን አትሳሚኝ፣ ፊትሽ ይነካካል። እንዳታለቅሽ ብየሻለሁ!» ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመች። ድፍኑ ቀይ እጅ የሰርካዲስን ጣቶች ጨብጦ አልለቅም አለ፤ ሰርካዲስ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። «ሒጅ፣ የኔ ሙሽራ። ሒጅ።»

ጆንያው ተገለጠ፤ ብርሃን ገባ፤ ተመልሶ ጨለመ። ሰርካዲስ ብቻዋን ቀረች፣ ኮንጎ ጫማ አድርጋ፣ ግድግዳው ላይ ከተደገፈ ክላሽ ጋር።

ማየት አትችልም፣ ትሰማለች። ሁለት ሰው በአስፋልቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። የሚኒባሱ በር ተንሸራተተ። አሁን ጀማሉዲን ብርክቲን አይቷታል። የአራሷ እናትም አይታታለች። ወረቀቱም ሰዎቹም በአንድ ሰው አፍ ላይ ናቸው፤ አንዱ «ይች ማናት?» ቢል አበቃ።

«እትዬ ሰርኬ!» አለ ጀማሉዲን ጮክ ብሎ። «ምን ቆመሻል፣ ጠጋ በይ እንጅ! እማማን ደገፍ አድርጊያቸው። ቢስሚላህ!»

በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ተነሳ። ሰርካዲስ አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

«ብርክቲ!» የሚል የወንድ ድምፅ ከመንገዱ መጣ።

ምን ማድረግ ነበረባት? «አቤት!» አለች፣ እያሳለች። ሰውየው በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ፤ ቀጣዮቹን ሴቶች ላስገባ ሳይል አልቀረም። ቋንቋውን ስለማትችል ዱካውን በእግሯ ገልብጣ አንኳኳችው፣ ሥራ የበዛበት ሰው እንደሚያንኳኳ። ከታች በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሐረጎ ላይ ሹፌር ሁሉ መታጠፊያ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። አንድ አለች። ትንሽ ቆይቶ ሁለት።

ቆርቆሮው በቁልቁለቱ በኩል የሚስማር ቀዳዳ አለው። ዓይኗን አስጠጋች። ኮምቦልቻ ከታች ተዘርግታለች፣ መንገዱ እየተጣጠፈ ይወርዳል፣ ሚኒባሱም ባቄላ አክሎ ይሄዳል። ሦስተኛው ጥሩምባ በጭንቅ ነው የተሰማት። ታችኛው ኬላ ላይ ቆመ።

«ብርክቲ!» አሁን ድምፁ ቅርብ ነው። ጠጠር ላይ ኮቴ ተሰማ። ኮቴው በሩ ላይ ደረሰ፤ የጆንያው ጫፍ ተነቃነቀ፤ አራት ጣት ገባ።

«ራቁቴን ነኝ!» ብላ ጮኸች ሰርካዲስ፣ ከሚቀጥለው መኪና የገባች ሴት መስላ። «ወንድ እንዳትገባ! ይኸው ፈታሽዋ አስወልቃ እየፈተሸችኝ ነው! እናት የለህም?»

ጣቶቹ እሳት እንደነካው ሰው ተመለሱ። እናት ነበረው መሰል፤ በቋንቋው ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉተምትሞ ኮቴው ራቀ። ሰርካዲስ ግንባሯን የጋለው ቆርቆሮ ላይ አስደግፋ በቀዳዳዋ ማየቷን ቀጠለች። ሚኒባሱ አልተነቃነቀም። ሰዎች በዙሪያው ይዞራሉ፣ ጉንዳን ያክላሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ። ቆየ። እየቆጠረ ነው። ሰርካዲስም አብራው ቆጠረች፦ አራሷ፣ እናቷ፣ ቄሱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ሙና። እኔ።

ባቄላዋ ተንቀሳቀሰች። መጀመሪያ ዓይኗ ያታለላት መስሏት ነበር፤ ግን ኬላው ከኋላ ቀረ፣ መንገዱ ሜዳ ላይ ወጣ፣ ሚኒባሱም በኮምቦልቻ ቤቶች መሃል ገብቶ ጠፋ። ሰርካዲስ ሙናን እስካሁን የከለከለቻትን እንባ ለራሷ ፈቀደች። የራሷን ፊት ቢያበላሽ ምንም አይደለም።

ከውጭ ለሦስተኛ ጊዜ ጠሩ። አሁን ብዙ ኮቴ ነው። ክላሹን አልነካችውም። ሣጥኑን ዘጋች፣ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፣ ጆንያውን በገዛ እጇ ገልጣ ወጣች።